ስኮትላንድ ለጎልፍ የምትሄዱ ሰዎች፣ አንድ ከተማ ላይ ተቀመጡ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። ከድሬና ከሐረር ጎልፍ የምንወድ ጥቂት ሰዎች አለን። ለሥራ አዲስ አበባ ስንወጣ እንጫወታለን። አንዳንዶቻችን ጨዋታውን የለመድነው ዱባይ ስንሠራ ነው። አሁን ስኮትላንድ እንሂድ ተባብለናል። አንድ ወዳጃችን ዕቅድ አውጥቶ ላከልን፤ ስድስት ቀን፣ ስድስት ሜዳ፣ አምስት ሆቴል። እኔ እዚያ አገር ተጫውቼ ስለማውቅ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር።

እንዲህ አትሂዱ። አንድ ከተማ ላይ ተቀመጡ። አንዱን ሜዳ ቢያንስ ሁለቴ ተጫወቱበት።

ምክንያቴ መሬቱ ነው። ሊንክስ የሚባሉት ሜዳዎች ያሉት በባሕሩና በእርሻው መሃል ባለው አሸዋማ መሬት ላይ ነው። ለእህል አይሆንም፣ በግ ግን ይግጥበታል። ሣሩ ቀጭንና አጭር ነው። ከሥር ያለው አሸዋ ዝናቡን ወዲያው ይመጠዋል፣ መሬቱም ጠንክሮ ይቆያል። ስለዚህ ኳሷ ያረፈችበት ቦታ አትቆምም። ትነጥራለች፣ ትንከባለላለች፣ ያላሰብከው ጎድጓዳ ውስጥ ትገባለች። ነፋሱ ደግሞ በየሰዓቱ ይዞራል። ጠዋት በስምንት ቁጥር አይረን (የብረት ዱላ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ርቆ ይመታል) የደረስክበት ግሪን (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) ከሰዓት በኋላ በአራት ቁጥርም ላይደረስ ይችላል።

ሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው ኦልድ ኮርስ የሚባለው ሜዳ ላይ 112 የአሸዋ ጉድጓዶች አሉ። በንከር የሚባሉት ናቸው። ብዙዎቹ ከመምቻው ቦታ ሆነህ አይታዩህም። ግድግዳቸው ተቆርጦ እንደ ጡብ የተደረደረ ሣር ነው። አንዳንዱ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። መጀመሪያ ቀን ትገባባቸዋለህ። በሁለተኛው ቀን የት እንዳሉ ታውቃለህ፣ በየት በኩል እንደምትዞራቸውም ታስባለህ። ጨዋታው መጣፈጥ የሚጀምረው ያኔ ነው። አንዴ ተጫውቶ ወደ መኪና መሮጥ የሜዳውን ስም ብቻ ይዞ መመለስ ነው።

ምን ትላላችሁ ብዬ ለጠፍኩ። የመጣው መልስ ብዙ ነው። በኋላ ለሚያነብ ሰው እንዲመች በቁጥር፣ በራሴ ቃል አስቀምጠዋለሁ። ዓመቶቹ ሌላ ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. የመጀመሪያው ከድሬው ከዚራ ሰፈር ነው፣ በጣም ጨዋ ሰው። ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ ብሎ ጀመረና ኦልድ ኮርስ ላይ ለመጫወት የክለብ አባል መሆን ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠየቀ። አያስፈልግም። የሕዝብ ሜዳ ነው። እሱን ጨምሮ የከተማውን ሰባት ሜዳዎች የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት አለ። አባል ያልሆነም ሰው ከፍሎ መጫወት ይችላል። ለኦልድ ኮርስ ግን የሃንዲካፕ፣ ማለት የተጫዋቹን የችሎታ ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር፣ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ይህን አገር ቤት ካላችሁበት ክለብ አስቀድማችሁ አስወጡ። ደርሶ መሯሯጥ አያዋጣም።

2. የሐረር ልጅ ነው፣ ጀጎል ውስጥ ያደገ። አልተስማማም፣ ያልተስማማበትንም ምክንያት በደንብ አስረዳ። ቪዛ ለማግኘት ስንት ወር የተጉላላ ሰው፣ ዳግም ያግኝ አያግኝ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ሜዳ ላይ ተቀመጥ ሲባል አይዋጥለትም አለ። እሱ ፕሬስትዊክን ማየት ይፈልጋል። በ1860 ኦፕን የሚባለው ትልቁ የጎልፍ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደበት ቦታ ነው። ያኔ ሜዳው 12 ቀዳዳ (ቀዳዳ የምንለው ከመምቻው ቦታ እስከ ኳሷ መግቢያ ያለውን ሁሉ ነው) ብቻ ስለነበር በአንድ ቀን ሦስቴ ዞሩት። ካርኑስቲንም ማየት ይፈልጋል። በ1999 ፈረንሳዊው ቫን ደ ቬልደ በስድስት ምት ቢጨርስ ዋንጫ የሚወስድበትን የመጨረሻ ቀዳዳ በሰባት ጨርሶ፣ በኋላ በመለያው የተሸነፈበት ነው። ከዚያም የራሱን ዕቅድ በቀን ከፋፍሎ አሰፈረ። ኦልድ ኮርስን ያደረገው እሑድ ላይ ነው።

3. ኤድንብራ የሚኖር ሐበሻ ወዲያው ገባ። ኦልድ ኮርስ እሑድ ዝግ ነው አለ። ኦፕንን የመሰለ ትልቅ ውድድር ከሌለ በቀር እሑድ ማንም አይጫወትበትም። የከተማው ሰው ከነልጁና ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። ቀጥሎ ኦልድ ኮርስ ላይ ተራ የሚገኝበትን የዕጣ ነገር አስረዳ። እኔ ብጽፈው ከዚህ አላሻሽለውም። ከሁለት እስከ አራት የሚሆኑ ተጫዋቾች ስማቸውን የሚያስገቡት ከሚጫወቱበት ቀን ሁለት ቀን ቀድመው ነው። መዝጊያው በእነሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በበጋቸው ወራት ያ ሰዓት እኛ ጋ 10 ሰዓት ይሆናል። ውጤቱ ያንኑ ቀን ወደ ማታ ይወጣል። ብቻውን የሄደ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ቀድሞ በአካል ይመዘገብና በዕጣ ይገባል። እስከ 2024 ድረስ እንደዚህ አልነበረም። ሰው ሌሊቱን ደጅ ተሰልፎ ያድር ነበር።

ይህ ሰው ዋናውን ነጥብ ከአፌ ነጠቀኝ። ሴንት አንድሩስ ብዙ ሌሊት የሚያድር ሰው በየቀኑ ስሙን ማስገባት ይችላል። ለአንድ ቀን የመጣ ሰው አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለው። ዕጣው ካልወጣለት መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል።

4. ስንት ነው የሚከፈለው ብሎ ጠየቀ፣ በሦስት ቃል። በ2025 ዋናው ወቅት ኦልድ ኮርስ 340 ፓውንድ ነበር። ነገርኩት። ተመልሶ ብሩ ከተንሳፈፈ በኋላ ይህን የሚያወራ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል አለ። ቃሉ ከበድ ይላል፣ ስሜቱ ግን ይገባኛል።

5. ለ4ኛው መልስ የሰጠው ዱባይ የሚሠራ የድሬ ልጅ ነው። ኦልድ ኮርስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ብቻ ነው በዋጋ የሚጎዳው አለ። እዚያው አጥሩ ሥር በ1895 የተሠራው ኒው ኮርስ አለ። በ1897 የተሠራው ጁቢሊ አለ። መሬቱ አንድ፣ ነፋሱ አንድ፣ ሣሩ አንድ ነው። ዋጋቸው ግን ከኦልድ ኮርስ በብዙ ይቀንሳል። ለጀማሪ ባልጎቭ የሚባል ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው አለ። እኔም የምለው ይኸው ነው። ዕጣው እስኪወጣ በእነዚህ ላይ ትጫወታለህ፣ እጅህም ከመሬቱ ጋር ይለማመዳል።

6. ይህን መልስ ሁላችሁም አንብቡት። ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ካዲ፣ ማለት የተጫዋች ቦርሳ ተሸካሚ፣ የነበረ፣ አሁን ድሬ ሱቅ ያለው ሰው ነው። በበጋ ሜዳው ደርቆ ሲጠነክር ኳስ ከፍ አድርጎ የሚመታ ሰው ይቸገር እንደነበር አስታወሰ። ኳሷ ግሪን ላይ አርፋ ትነጥርና ከኋላ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። ካዲዎቹ ግን ሰባት ቁጥር አይረን ይይዛሉ። ኳሷን ወደ ቀኝ እግራቸው ጠጋ ያደርጓታል። እጃቸውን ከዱላው ጭንቅላት ያስቀድማሉ። ከወገብ በታች አጭር ምት ብቻ ይመታሉ። ኳሷ ከጉልበት ከፍ ሳትል ትሄዳለች፣ ከግሪኑ ብዙ ርቃ ታርፋለች፣ ከዚያ እየተንከባለለች ትገባለች። ስኮትላንድ ላይ የሚፈለገው ምት ይህ ነው፣ በበጋ የተማረ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ ያውቀዋል አለ። እውነት ነው። የባሕር ዳር ነፋስ ከፍ ያለ ኳስን ይዞ ይሄዳል፣ መሬት ለመሬት የሚሄደውን ግን ብዙም አይነካውም።

ቀጥሎ ስለ ርቀት ተናገረ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ አሥር በመቶ ገደማ ጨምራ ትሄዳለች። እዚህ 150 ሜትር የምትሄድልህ ኳስ ባሕር ዳርቻ 135 ላይ ትወድቃለች ብለህ አስብና አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ፣ ርቆ የሚመታ ዱላ አውጣ። የባሕሩ እርጥበትም አየሩን ያከብደዋል ብሎ ጨረሰ።

7. የድሬው የሳቢያን ሰፈር ልጅ፣ ፊዚክስ የሚያስተምር ነው። ስለ እርጥበቱ የተባለው ስሕተት ነው ብሎ ገባ፣ አገባቡም ሻካራ ነበር። እርጥብ አየር ከደረቁ ይልቅ ትንሽ ይቀላል። ኳሷን የሚያሳጥራት ዝቅተኛው ቦታና ብርዱ ነው። የማታውቁትን አትናገሩ ሲል ግን አለፈ። ፊዚክሱ ልክ ነው። ኳስ ተሸክሞ ያደገን ሰው በዚህ አፍ መናገር ግን ልክ አይደለም። 6ኛው ሰው ግን አመስግኖ ተቀበለው። ትልቅነት ማለት ይህ ነው።

8. ካዲው ትክክል ነው፣ ሌላውን ተዉት። ሌላ ቃል የለውም።

9. ይመጣል ብዬ የጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። ያለ ጫት ከሰዓት እንዴት ያልፋል፣ ጥቂት እስር ሻንጣ ውስጥ ብይዝስ አለ። ሰውየው በቀና ልብ ነው የጠየቀው። አወዳይ አጠገብ ላደገ ሰው ጥያቄው አይገርምም።

10. የኤድንብራው ሰው ተመልሶ መጣ፣ አሁን ግን ኮስተር ብሎ። አቦ እንዳታስበው አለ። ጫት ብሪታንያ ውስጥ ከሰኔ 2014 ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው። ድሮ ለንደን ላይ በአደባባይ ይሸጥ እንደነበር የሰሙ ሰዎች አሁንም እንደዚያው ይመስላቸዋል። ይዞ መግባት ወንጀል ነው። ከኤርፖርት ሳይወጡ ጉዞው ያበቃል፣ አብረውት ያሉትም ይጉላላሉ።

11. አንዱ ተቆጣ። የድሬ ሰው በተነሳ ቁጥር ጫት ለምን ይነሳል አለ። 9ኛው ጠያቂ እሱ ራሱ የድሬ ልጅ መሆኑን ነገረው። ሁለቱ እዚያው ትንሽ ተነታረኩ። አልፌዋለሁ።

12. ከዚህ በታች ያለውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው ናቸው። ጋሼ ጎልፍ ተጫውተው አያውቁም። ግን ባቡር የተነካበትን ነገር ሁሉ ያነባሉ። የስኮትላንድን የጎልፍ ከተሞች ያሳደጋቸው ባቡር ነው ብለው ጀመሩ። ፕሬስትዊክ ላይ የመጀመሪያው ቀዳዳ በስተቀኝ በኩል ከሐዲዱ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ስሙም ባቡር ነው። ወደ ቀኝ የጠመመች ኳስ ግንቡን ዘልላ ሐዲዱ ላይ ትገባለች። ተርንበሪ ላይ በ1906 የተከፈተውን ትልቅ ሆቴል የሠራው የባቡር ኩባንያ ነው። ኦልድ ኮርስ 17ኛው ቀዳዳ ላይም ተጫዋቹ ኳሱን የሚያሻግረው የድሮ የባቡር መጋዘኖችን መልክ ይዞ በተሠራ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ወደ ሴንት አንድሩስ ይገባ የነበረው መስመር ግን በ1969 ተዘግቷል። ዛሬ ሉካርስ የሚባል ጣቢያ ላይ ወርዶ በአውቶቡስ መግባት ነው።

ከዚያ ጋሼ ወደ ለገሀራችን ተመለሱ። ሐዲዱ በ1902 ድሬ ሲደርስ እዚህ ቦታ ከተማ እንዳልነበረ፣ ከተማውን የወለደው ሐዲዱ እንደሆነ ጻፉ። የሴንት አንድሩስ ሰዎች መስመራቸው ሲዘጋ ምን እንደተሰማቸው እኔ አውቃለሁ አሉ። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። ከርዕሱ ወጥቷል የሚል ካለ፣ እኔ አላወጣውም።

13. ሦስት አራት ሰው የምድር ባቡር ልጅ ነኝ፣ የልጅ ልጅ ነኝ እያለ ለጋሼ ሰላምታ አቀረበ። አንዷ አባቷን ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቀች። ያውቋቸዋል።

14. አንዲት እህት ጠንከር ያለ ነገር ተናገረች። እስከ አሁን የተጻፈው ሁሉ የወንድ ዕቅድ ነው አለች። ሚስትና ልጅ ሆቴል ተቀምጠው መስኮት ሲያዩ ሊውሉ ነው? እሷ ራሷ ትጫወታለች። ሴንት አንድሩስ ላይ ያለው ስመ ጥሩ ክለብ ሴት ለመቀበል ድምፅ የሰጠው በ2014 እንደሆነ፣ ሙይርፊልድ ላይ ያለው ሌላ ክለብ ደግሞ በ2016 እንቢ ብሎ በ2017 እንደተስማማ ጠቀሰች። ገንዘቤን የት እንደማውል የምወስነው ይህን አይቼ ነው አለች። መብቷ ነው። ሜዳው ግን የክለቡ ሳይሆን የሕዝብ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ እወዳለሁ።

ከዚያ ያመጣችው መረጃ ለሁላችንም ይጠቅማል። ኦልድ ኮርስ አጠገብ ሂማላያስ የሚባል ሜዳ አለ። የሚያስተዳድረው በ1867 የተመሠረተ የሴቶች ክለብ ነው። ሜዳው ጉብታና ጎድጓዳ ብቻ ነው፣ በፓተር፣ ማለት ኳሷን መሬት ለመሬት በሚገፋው ዱላ፣ ብቻ ይጫወቱበታል። ማንም ሰው በትንሽ ክፍያ ይገባል። ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ዱላ ይዞ የማያውቅ ሰው ሁሉ ይስቃል። ባሕሩም ቅርብ ነው፣ ረጅም አሸዋ አለው። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው አንድ ከተማ ላይ መቀመጥ የሚሻልበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። በየቀኑ ሻንጣ የሚያስር ልጅ ያለቅሳል።

15. እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንድ ሰው ሰፈራችን የቧንቧ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እያወቃችሁ ስለ ሣር ታወራላችሁ፣ አታፍሩም አለ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ስድብ ስለሆነ አልደግመውም። ብሶቱን ግን አልንቀውም። ጀሪካን ይዞ የሚሰለፍ ሰው ጎልፍ ሲባል የሚታየው ውኃ የሚጠጣ አረንጓዴ ሜዳ ነው።

16. መልስ የሰጠው 5ኛው ሰው ነው። የስኮትላንድ ባሕር ዳር ሜዳዎች ቧንቧ ሳይኖር በፊት የነበሩ ናቸው። ሣራቸው ድርቅ ይችላል። በ2018 ኦፕን ካርኑስቲ ላይ ሲካሄድ ሜዳው ከሙቀቱ የተነሳ ገለባ መስሎ ነበር፣ ጨዋታውም አልቆመም። እንዲያውም ኳሷ ይበልጥ ሮጠች።

17. ይህን ያነበበ አንድ ወጣት እንግዲያው እኛም አሸዋ አለን፣ በድሬው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ሜዳ እንሥራ አለ። ሐሳቡን በጉጉት ነው የጻፈው፣ ሥዕል ሁሉ አያይዟል።

18. መልሱ አጭርና መራራ ነበር። የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው በዚያ አሸዋ ላይ መጥቶ ነው አለ አንዱ። የራሱን ዘመድ እዚያ አጥቷል። ወጣቱ ይቅርታ ጠየቀ። እኔም አልኩ፣ የወንዝ አሸዋና የባሕር ዳር አሸዋ አንድ አይደለም። ደቻቱ የጎርፍ መንገድ ነው። ለጨዋታ አይነካም።

19. ወደ ጉዞው የመለሰን አየርላንድንም እንጨምር ያለው ሰው ነው። ላሂንች ላይ ፍየሎች ሜዳው ውስጥ እንደሚኖሩ አነበበ። ፍየሎቹ ወደ ክለቡ ቤት ከተጠጉ ዝናብ ይመጣል ይባላል። የእኛም አያቶች ከከብት አኳኋን ዝናብ ያውቁ ስለነበር ደስ አለው። ደስታውን ሳላጠፋ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የብሪታንያ ቪዛ ሰሜን አየርላንድን ይሸፍናል። ሮያል ፖርትረሽና ሮያል ካውንቲ ዳውን በዚያ ውስጥ ናቸው። ላሂንችና ባሊበንየን ግን የአየርላንድ ሪፐብሊክ ውስጥ ናቸው፣ ሌላ ቪዛ ይፈልጋሉ። ድንበሩ ላይ ጠባቂ ስለሌለ በመኪና ሾልኮ ማለፍ ቀላል ይመስላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ሳይኖረው እንዳይሞክረው። ቢያዝ ወደፊት ለሚጠይቀው ቪዛ ሁሉ ጠባሳ ይሆናል።

ስለ ቦርሳም ተጠይቄያለሁ። ዱላውን ጠንካራ ሽፋን ውስጥ ክተቱ። የድራይቨሩ፣ ማለት የረጅሙ ዱላ፣ ጭንቅላት የሚፈታ ከሆነ ፈትታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት። ከድሬ ወደ አዲስ የሚበረው አውሮፕላን ትንሽ ሊሆን ስለሚችል ረጅም ቦርሳ እንዳላችሁ ትኬት ስትቆርጡ ተናገሩ። የዝናብ ልብስ ላይ አትሰስቱ። የድሬ ሰው ሰኔ ሲባል ሙቀት ይመስለዋል። እዚያ ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ እጅ ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ እጅ ደግሞ ፓተር አይዝም።

20. 2ኛው የሐረር ልጅ ተመለሰ። አሁንም አንድ ከተማ ብቻ አይበቃኝም አለ። ግን የዕጣው ነገር አሳምኖታል። አብዛኛውን ሌሊት ሴንት አንድሩስ አድርጎ፣ ወደ አገር ቤት ሲመለስ ኤድንብራ አድሮ ኖርዝ በርዊክን መጨመር ይፈልጋል። ይህን እኔም እደግፋለሁ። ከኤድንብራ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። 13ኛው ቀዳዳ ላይ ከግሪኑ ፊት የድንጋይ ግንብ አለ፣ ኳሷን በላዩ ማሳለፍ ግድ ነው። ለጀጎል ልጅ ይስማማዋል። ፕሬስትዊክ ግን በሌላኛው የባሕር ዳርቻ፣ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ይቅር አልኩት። እሺ አላለም፣ እንቢም አላለም።

21. መቼ እንሂድ የሚለው ቀረ። የኤድንብራው ሰው መስከረም ይላል፣ ሰው ይቀንሳል ብሎ። እኔ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ እላለሁ። ያን ጊዜ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ጠዋት አንድ ሜዳ ተጫውተህ፣ ምሳ በልተህ፣ ተኝተህ ተነሥተህ ሌላ መጫወት ትችላለህ። ብርሃን በነጻ ነው። አንድ የሙስሊም ወንድማችን መግሪብና ኢሻ በጣም እንደሚመሽ አስታውሶናል፣ የምትጾሙና የምትሰግዱ ይህን አስቡበት።

የምር መሄድ የምትፈልጉ ሃንዲካፓችሁንና ፓስፖርታችሁ እስከ መቼ እንደሚያገለግል በውስጥ ላኩልኝ። ዕጣው በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ሰው ስለሆነ ቡድኑን አስቀድመን መከፋፈል አለብን። እስከ አሁን ሦስት ሰው ልኳል።